የሦስት ወር ክምችት ለምን አይበቃም

ጥያቄው፦ «አዲስ አበባ አጠገብ ባለ የመኪና መገጣጠሚያ በግዢ ክፍል እሠራለሁ። መኪናው ተበትኖ በኮንቴነር ከቻይና ይመጣልናል። ባለፈው ዓመት አንዲት ትንሽ የኤሌክትሪክ ማገናኛ ጎድላ መስመራችን አምስት ሳምንት ቆመ። አለቆቻችን ‹ጥፋቱ እንደ ቶዮታ ክምችት ሳንይዝ ለመሥራት መሞከራችን ነው፤ ከእንግዲህ የሁሉም ዕቃ የሦስት ወር ክምችት ይያዝ› ብለው ወስነዋል። ቶዮታ ግን አደጋ ሲደርስበት ከሌሎች ቀድሞ ይነሳል ሲባል እሰማለሁ። ታዲያ በመኪና ኢንዱስትሪ የአቅርቦት አደጋን ለመቆጣጠር ዋናው እንቅፋት ምንድን ነው? ኢንሹራንስስ እንዲህ ያለውን ጉዳት ይሸፍናል?»

የአለቆችዎ ሐሳብ ግማሹ ልክ ነው፤ ግማሹ ግን ብዙ ገንዘብ የሚያስበላ ስሕተት ነው። ክምችት ማነስ ፋብሪካን በቶሎ ያስቆማል። ቆሞ እንዲቀር የሚያደርገው ሌላ ነው፦ የሚገጣጥመው ዕቃ ከየት ተነስቶ በማን እጅ እያለፈ እንደሚደርሰው አለማወቁ፣ የጎደለውን በሌላ ለመተካት ወራት የሚፈጅ መሆኑ፣ ይህን ሁሉ አስቀድሞ እንዲያጣራ ኃላፊነት የተሰጠው ሰው አለመኖሩ። አንድ በአንድ አስረዳለሁ፤ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ስለ ቶዮታ የሚባለው ይስተካከል። ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1997 ቅዳሜ ሊነጋ ሲል ጃፓን ካሪያ ከተማ የሚገኘው የአይሲን ሴይኪ አንደኛ ፋብሪካ በእሳት ተያያዘ። ፋብሪካው ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደውን የፍሬን ግፊት የሚመጥን፣ ከሲጋራ ፓኬት የማይበልጥ ቫልቭ ይሠራ ነበር። ቶዮታ ይህን ቫልቭ ሁሉንም ማለት ይቻላል የሚወስደው ከዚያ ከአንድ ጣሪያ ሥር ነው። በእጁ የነበረው ክምችት ለሰዓታት ብቻ የሚበቃ ነበር። ሳምንቱ ሳይጋመስ በጃፓን ያሉት የቶዮታ መገጣጠሚያዎች ከሞላ ጎደል ቆሙ። እስከዚህ ድረስ አለቆችዎ ትክክል ናቸው።

ቀጥሎ የሆነው ግን ከክምችት ጋር አይገናኝም። አይሲን የቫልቩን ንድፍ ሊሠራ ለሚችል ሁሉ አደለ። ከ60 በላይ ድርጅቶች፣ አብዛኞቹ ያንን ቫልቭ ሠርተው የማያውቁ፣ በየወርክሾፓቸው ቶርኖና ሚሊንግ ማሽን አስተካክለው ሌት ከቀን መቁረጥና መብሳት ጀመሩ። የስፌት መኪና አምራቹ ብራዘር ሳይቀር ማሽኑን ለውጦ በቀን 40 ያህል ቫልቭ ማውጣት ችሏል። ዋጋ ይሄን ያህል ይሁን ብሎ ሥራውን ያዘገየ አልነበረም። ቶዮታ 70,000 የሚያህል መኪና ሳያመርት ቢቀርም፣ 10 ቀን አካባቢ ሲሆነው ምርቱ ወደ ወትሮው ተመለሰ። በኋላም ቶዮታ በቀጥታ ለሚያቀርቡለት ድርጅቶች፣ በዚያ ሩብ ዓመት ከሸጡለት 1 በመቶውን ያህል ማካካሻ ከፈለ።

ይህን ታሪክ የሚያነሱ ብዙዎች ስለ መተባበር ተናግረው ያልፋሉ። እኔ ግን እርዳታው የተቻለበትን ምክንያት እንዲያዩ እፈልጋለሁ። ቫልቩ ብረት ቆርጦና በስቶ የሚሠራ ነው፤ ጎበዝ የብረት ወርክሾፕ ንድፉን ካገኘ ይሠራዋል። ረዳቶቹ አብዛኞቹ ከካሪያ ብዙ ሳይርቁ፣ በመኪና በሚደረስበት አካባቢ ነበሩ። ከቶዮታ ጋርም ለዓመታት የሠሩና ወደፊትም የሚሠሩ ስለነበሩ ውለታቸው እንደማይረሳ ያውቃሉ። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ያ ሳምንት ወር ይሆን ነበር። ስለዚህ ቶዮታ ቶሎ የሚነሳው ሁልጊዜ አይደለም፤ ዕቃው እንዲህ ያለ ሲሆን ነው። ዕቃው ሌላ ዓይነት ሲሆን ምን እንደሚገጥመው 14 ዓመት ቆይቶ ታየ።

ማርች 11 ቀን 2011 መጠኑ 9.0 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥና ያስከተለው ሱናሚ ምሥራቃዊ ጃፓንን መታ። የቶዮታ መገጣጠሚያዎች ራሳቸው የደረሰባቸው ጉዳት ያን ያህል አልነበረም። ከባዱ ሥራ የትኛው ዕቃ እንደሚጎድል ማወቅ ሆነ። ይህን ለማጣራት ብቻ ሳምንታት አለፉ፤ ተጣርቶ የወጣው ዝርዝርም ወደ 500 የሚጠጋ ዕቃ የያዘ ነበር። አንድ መኪና እያንዳንዷ ቡሎን ስትቆጠር 30,000 ገደማ ዕቃ አለው፤ ቶዮታ በቀጥታ የሚያቀርቡለትን ድርጅቶች በደንብ ያውቃል፤ የእነሱን አቅራቢዎች በከፊል ያውቃል፤ ከዚያ በታች ያለው ግን ጨለማ ነበር።

ገዢዎች የአቅርቦት ሰንሰለታቸውን እንደ ዛፍ ሥር ነበር የሚያስቡት፤ ወደ ታች በወረዱ ቁጥር እየተሰራጨ የሚሄድ። አደጋን ለመከፋፈል ብለው አንዱን ዕቃ ከሁለትና ከሦስት ድርጅት ይገዙ ነበር። መሬቱ ሲናወጥ የታየው ግን ሥሩ ጥቂት ከተሰራጨ በኋላ መልሶ እየጠበበ ወደ አንድ ቦታ እንደሚሰበሰብ ነው። ኢባራኪ ግዛት ያለው የሬኔሳስ የናካ ፋብሪካ እንዲህ ያለ ቦታ ነበር። ሞተርን፣ ፍሬንን፣ ኤርባግን የሚያዝዙትን ማይክሮኮንትሮለር የሚባሉ ቺፖች ይሠራል። ተፎካካሪ የሆኑ የኤሌክትሮኒክስ አቅራቢዎች፣ አንዱ ሲቆም ሌላው ይደርሳል የተባለላቸው፣ ሁሉም ከሬኔሳስ ይቀዱ ነበር። ፋብሪካውን ለማንሳት መኪና አምራቾችና ሌሎች ድርጅቶች በቀን እስከ 2,500 ሰው ድረስ አሰማሩ፤ እንዲያም ሆኖ ምርት እንደገና የጀመረው በጁን መጀመሪያ ነው። እዚህ ላይ የ1997ቱ መድኃኒት አልሠራም፤ ቺፕን በጎረቤት ወርክሾፕ ማንም አይሠራውም።

ከዚያ ይልቅ ትንሽ የሚመስል፣ ለእኔ ግን የበለጠ የሚያስተምረኝ ሌላ ጉዳይ አለ። የመኪና ቀለምን የሚያብረቀርቅ ዢራሊክ የሚባል ዱቄት አለ። የጀርመኑ መርክ ያመርተው የነበረው በዓለም ላይ በአንድ ፋብሪካ ብቻ ነው፤ ፋብሪካው ደግሞ ፉኩሺማ ግዛት ኦናሃማ ውስጥ ነበር። ጃፓን ውስጥ አደጋ ደርሶ፣ አሜሪካ ያለው ፎርድ አንዳንድ ጥቁርና ቀይ መኪናዎችን እንዳያዙ ለሻጮቹ ለመንገር ተገደደ። ፎርድ ቀለሙን የሚገዛው ከቀለም ፋብሪካ ነው፤ የቀለም ፋብሪካው ዱቄቱን ከየት እንደሚያመጣ ግን በመኪናው የዕቃ ዝርዝር ላይ አይጻፍም።

አቅራቢዎች ለምን አይናገሩም? ክፉ ስለሆኑ አይደለም። አንድ አቅራቢ ከማን እንደሚገዛ ለደንበኛው ከነገረ፣ ደንበኛው ነገ እሱን ዘሎ ከምንጩ ሊገዛ ይችላል፤ ወይም ትርፉን አስልቶ ዋጋ እንዲቀንስ ያስገድደዋል። መኪና አምራቾች ለዓመታት በየዓመቱ ዋጋ ቀንስ እያሉ አቅራቢን ሲጨምቁ ኖረው፣ በአደጋ ቀን ምስጢርህን ንገረኝ ሲሉ እውነተኛ መልስ አለማግኘታቸው የሚጠበቅ ነው። ቶዮታ ከ2011 በኋላ የአቅራቢዎቹን አቅራቢዎች የሚመዘግብ የመረጃ ቋት የሠራው ምስጢራቸውን በሚጠብቅ ስምምነት ነው። ያም ሆኖ በኤፕሪል 2016 የኩማሞቶ የመሬት መንቀጥቀጥ የበር ዕቃ የሚሠራ አንድ ፋብሪካ ሲያቆም፣ የቶዮታ መስመሮች ለቀናት ቆመዋል። ማወቅ የፍለጋውን ጊዜ ያሳጥራል፤ መቆምን ሙሉ በሙሉ አያስቀርም።

ሁለተኛው እንቅፋት መተካት ነው። ውጭ ያለ ሰው «ሌላ ሻጭ አይፈልጉም ወይ?» ይላል። በመኪና ሥራ ውስጥ ግን ዕቃው ከሌላ ሻጭ መጥቶ መግጠሙ አይበቃም። መሰንጠቁ፣ መሞቁ፣ መዛጉ፣ በግጭት ጊዜ የሚሆነው ሁሉ ተፈትኖ መጽደቅ አለበት፤ ይህ ወራት ይወስዳል፤ ለደኅንነት ዕቃ ደግሞ የበለጠ ነው። ማርች 31 ቀን 2012 ጀርመን ማርል ከተማ ባለው የኢቮኒክ ኬሚካል ፋብሪካ ፍንዳታ ደርሶ ሁለት ሠራተኞች ሞቱ። የቆመው ምርት ናይለን 12 ለሚባለው ፕላስቲክ የሚገባ ኬሚካል ነበር፤ ከፕላስቲኩ የነዳጅና የፍሬን ቱቦ ይሠራል። በሳምንታት ውስጥ 200 ያህል የኢንዱስትሪው ኃላፊዎች ዲትሮይት አጠገብ ተሰብስበው ምትክ ቁሶችን እንዴት በፍጥነት ፈትነን እናጽድቅ በሚለው ላይ መከሩ። ከኬሚካሉ እኩል ያሳሰባቸው፣ እያንዳንዱ ኩባንያ ለየብቻው ልፈትን ቢል ጊዜው እንደማይበቃ ማወቃቸው ነው።

ሞልድም እንዲሁ ነው። ሜይ 2 ቀን 2018 ሚሺጋን ኢተን ራፒድስ ውስጥ ማግኒዚየም የሚቀርጽ አንድ ፋብሪካ ተቃጠለ፤ ፎርድ ኤፍ-150 የሚባለውን ዋና ፒክአፑን ማምረት አቆመ። ማግኒዚየም የሚቀልጥበት ፋብሪካ ሌላ ቦታም አለ። ቅርጽ የሚያወጡት ትልልቅ ሞልዶች ግን ያሉት በተቃጠለው ሕንፃ ውስጥ ነበር። ፎርድ 19 ሞልዶችን ከፍርስራሹ አወጣ፤ አንዱ ብቻ ወደ 39 ቶን ይመዝናል። በአንቶኖቭ አውሮፕላን እንግሊዝ ኖቲንግሃም ወደሚገኝ ፋብሪካ ለማድረስ የፈጀው 30 ሰዓት ገደማ ነው። የማስገቢያ ፈቃዱ የተገኘው አውሮፕላኑ ሊያርፍ ሁለት ሰዓት ሲቀረው ነበር። ከዚህ ታሪክ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው አውሮፕላኑን ነው፤ ሥራዎ ግዢ ከሆነ ግን ፈቃዱን ያስታውሱ። ሞልዱ የማን ንብረት እንደሆነ፣ የት እንደሚቀመጥ፣ ድንገት ለመውሰድ ማን እንደሚፈቅድ በውል ካልተጻፈ፣ እሳቱ ከጠፋ በኋላም ክርክሩ ይቀጥላል።

ሦስተኛው እንቅፋት የሰው ነው፤ ለእኔ ከሁሉም የከፋው እሱ ነው። የግዢ ባለሙያ የሚመዘነው ስንት ብር ቀነሰ ተብሎ ነው። አንድ ዓመት ሙሉ ደክሞ የአቅራቢዎቹን ምንጭ ቢያጣራና አደጋ ባይደርስ፣ ያስቀረውን ጉዳት ቆጥሮ የሚያመሰግነው አይኖርም። አደጋ ሲደርስ ደግሞ ገንዘብ እንደ ውኃ ይፈሳል፤ መስመሩ በተመለሰ በስድስት ወሩ ሁሉም ይረሳል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ከየአደጋው በኋላ የሚቋቋመው ኮሚቴ ቀጣዩ በጀት ሲቀንስ ይበተናል።

በ2021 የመኪና ፋብሪካዎችን ያስቆመው የቺፕ እጥረት የመጣው በዚህ መንገድ ነው። በ2020 ኮቪድ ሲገባ መኪና ገዢ ጠፋ፤ አምራቾቹም ትእዛዛቸውን ሰረዙ። በየራሳቸው ሒሳብ ልክ ነበሩ። ቺፕ ሠሪዎቹ ግን ቦታውን ባዶ አልተዉትም፤ ቤት ለዋለው ዓለም የኮምፒውተርና የስልክ ቺፕ ይሠሩበት ጀመር። በዓመቱ መጨረሻ የመኪና ገበያ ከተጠበቀው ቀድሞ ሲመለስ አምራቾቹ ከሰልፉ ጀርባ ተገኙ። ፌብሩዋሪ 2021 ቴክሳስ ላይ የወረደው ብርድ በኦስቲን ያሉ የቺፕ ፋብሪካዎችን አቆመ፤ ማርች 19 ደግሞ ያው በ2011 የቆመው የናካ ፋብሪካ እሳት ተነሳበት። አሊክስፓርትነርስ የተባለው አማካሪ ድርጅት በዚያ ዓመት ኢንዱስትሪው 7.7 ሚሊዮን መኪናና 210 ቢሊዮን ዶላር ገቢ እንደሚያጣ ገምቶ ነበር። ብርዱም እሳቱም ጉዳቱን አባብሰዋል፤ መነሻው ግን የአምራቾቹ የራሳቸው የመሰረዣ ደብዳቤ ነው።

አሁን ለአለቆችዎ የሚያሳዩት ማስረጃ እዚህ ላይ ነው። ክምችትን የሚጠላው ቶዮታ ከ2011 የተማረውን ይዞ፣ አቅራቢዎቹ ከሁለት እስከ ስድስት ወር የሚበቃ ቺፕ እንዲይዙ አድርጎ ነበር። የያዘው የሁሉንም ዕቃ ክምችት አይደለም፤ ለመተካት ረጅም ጊዜ የሚወስደውን ብቻ መርጦ ነው። በዚህም በ2021 የመጀመሪያ ወራት ሌሎች ሲቆሙ እሱ ይሠራ ነበር። እጥረቱ ሲረዝም ግን ክምችቱ አለቀ፤ በዚያው ዓመት ለሴፕቴምበር ካቀደው የዓለም ምርት 40 በመቶውን ቀነሰ። ተመርጦ የተያዘ ክምችት ጊዜ ይገዛል። የተገዛው ጊዜ መተኪያ ካልተፈለገበት፣ የመቆሚያውን ቀን ማዘግየት ብቻ ይሆናል።

የኮምፒውተር ጥቃትን ባጭሩ ላንሳ፤ ክምችት ምንም አይረዳበትምና። ማርች 1 ቀን 2022 ቶዮታ በጃፓን ያሉትን 14 ፋብሪካዎቹን ሁሉ ለአንድ ቀን አቆመ፤ 13,000 ያህል መኪና ሳይሠራ ዋለ። ምክንያቱ ኮጂማ በተባለ የፕላስቲክ ዕቃ አቅራቢ ኮምፒውተሮች ላይ የደረሰ ጥቃት ነው። ማሽኖቹ ጤነኛ ነበሩ፤ ትእዛዝ መቀበልና መላክ ግን አልተቻለም።

ወደ እናንተ ልምጣ። ሲኬዲ፣ ማለትም ሙሉ በሙሉ ተበትኖ በስብስብ የሚመጣ መኪና፣ ላይ ላዩን ሲታይ ነገሩን ያቀልላል፤ ውል የምትዋዋሉት ከአንድ ላኪ ጋር ነው። ነገር ግን በዚያው ልክ ዓይናችሁ ይታሠራል። ቶዮታ ቢያንስ የመጀመሪያ ደረጃ አቅራቢዎቹን ያውቃል፤ እናንተ የምታውቁት ሳጥኖቹን የሚያሽገውን ድርጅት ነው። ላኪው ከማን እንደሚገዛ ሊነግራችሁ ግዴታ የለበትም፤ የምታዙት መጠን ትንሽ ስለሆነም ዕቃ ሲያጥር መጨረሻ የምትታዩት እናንተ ናችሁ። በዚህ ላይ መንገዱ አለ፦ ባሕሩ፣ ጂቡቲ፣ ሞጆ፣ ጉምሩክ፣ ባንክ። ከኖቬምበር 2023 ጀምሮ በቀይ ባሕር መርከቦች ሲጠቁ ጀርመን ግሩንሃይዴ ያለው የቴስላ ፋብሪካ እንኳ በጃንዋሪ 2024 መጨረሻ ዕቃ ዘግይቶበት ለሁለት ሳምንት ገደማ ምርቱን አብዛኛውን አቁሟል። እኛ ደግሞ ዋናው በራችን ያለው የቀይ ባሕር መግቢያ በሆነው በባብ ኤል መንደብ ወሽመጥ አጠገብ ነው።

የሦስት ወር የሁሉም ዕቃ ክምችት በእናንተ ሁኔታ ምን ማለት እንደሆነ ያስቡ። ገንዘቡን የሚበላው ባትሪው፣ ሞተሩና ቦዲው ነው፤ መስመሩን ያስቆመችው ግን ማገናኛ ናት። ኤልሲ (ለውጭ ሻጭ የሚከፈት የባንክ የክፍያ ዋስትና) ለመክፈት መጠበቅ ሊኖር በሚችልበት አገር፣ የተገኘችውን የውጭ ምንዛሪ በብዛት ለማይጎድለው ዕቃ ማሰር የሚቀጥለውን ጭነት ያዘገያል፤ ማለትም ክምችቱ ራሱ እጥረት ይፈጥራል። የምትገጣጥሙት የኤሌክትሪክ መኪና ከሆነ፣ ባትሪው ደግሞ ለወራት ሲቀመጥ የቻርጅ መጠኑ እየተለካ፣ ሙቀቱ እየተጠበቀ፣ የእሳት መከላከያ ባለው ቦታ መሆን አለበት። ጎማና ቆርቆሮ ተደራርቦ በሚቀመጥበት መጋዘን ባትሪ መከመር ሌላ አደጋ መጥራት ነው።

ኤም አይ ቲ የተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከፎርድ ጋር ሆነው የአቅራቢዎቹን ቦታዎች በሺዎች ሲመረምሩ ያገኙት ይህንኑ ነው። ፎርድ ብዙ ገንዘብ የሚከፍልበት ቦታና ቢቆም ፎርድን ብዙ የሚጎዳው ቦታ አንድ ላይ አይሄዱም። ውዱን ዕቃ ሁሉም ይጠብቀዋል፤ ኃላፊ አለው፣ ስብሰባ ይደረግበታል። በዝምታ የሚጎዳው ርካሹ ነው። የተጠቀሙበትን ስሌት ለእናንተም እመክራለሁ፤ ሁለት ቁጥር ብቻ ነው የሚጠይቀው። አንደኛው ዕቃው ዛሬ ቢቋረጥ በእጅ ባለው ስንት ቀን መሥራት እንደሚቻል ነው። ሁለተኛው አዲስ ዕቃ እስኪደርስ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ነው። ሁለተኛው ከአንደኛው ከበለጠ፣ ልዩነቱ የምትቆሙባቸው ቀናት ብዛት ነው።

ለምሳሌ ያህል ማገናኛዋን እንውሰድ፤ ቁጥሮቹ የእኔ ግምት ናቸው፣ የእናንተን አስገቡበት። በእጅ የ12 ቀን አለ። ላኪው አሠርቶ እስኪያሽግ 21 ቀን፣ በአውሮፕላን 5 ቀን፣ ከጉምሩክ እስኪወጣ 9 ቀን፤ ድምሩ 35 ነው። የ23 ቀን ክፍተት አለ። በ35ቱ ላይ ጥቂት ጨምራችሁ የ40 ቀን ማገናኛ ብትይዙ መደርደሪያ ላይ አንድ ካርቶን ነው፤ የአምስት ሳምንት መቆምን ያስቀራል። ባትሪውም ተመሳሳይ ክፍተት ሊኖረው ይችላል፤ መፍትሔው ግን ሌላ ነው፦ ላኪው በራሱ መጋዘን የተወሰነ ቁጥር ለእናንተ እንዲያስቀምጥ በውል ማሠር፣ ለዚያም ትንሽ ክፍያ መክፈል። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ክፍተት ለሌለው ዕቃ አንድ ብር አትጨምሩ።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፤ የክምችት ውሳኔው ለሁለት ወር ይዘግይና በዚያ ጊዜ ዝርዝሩን ሥሩ። መጀመሪያ ማገናኛዋ ለምን እንደጎደለች አጣሩ። ከፋብሪካዋ ካልወጣች የአቅርቦት ችግር ነው፤ ወጥታ ሳጥን ውስጥ ካልገባች የማሸጊያ ስሕተት ነው፣ መድኃኒቱም ከመርከብ በፊት የሚደረግ ቆጠራ ነው። ሁለቱን ሳይለዩ ክምችት ማብዛት፣ የተሳሳተውን አስተሻሸግ በሦስት እጥፍ መግዛት ይሆናል። ቀጥሎ ለላኪው ጻፉ፤ ሲጽፉም የአቅራቢውን ስምና ዋጋ አይጠይቁ፣ አይነግራችሁም። የሚጠይቁት ሦስት ነገር ነው፦ ዕቃው የሚሠራበት ከተማ፣ ሌላ የሚሠራበት ቦታ መኖር አለመኖሩ፣ ያ ቦታ ቢቆም ምርት ለመመለስ ስንት ቀን እንደሚፈጅ። ይህ የማንንም ንግድ አይነካም፤ በተሞክሮዬ ስም ሲጠየቅ የሚዘጋ በር ከተማ ሲጠየቅ ይከፈታል። ሠላሳ ዕቃ በአንድ ከተማ ሲሰበሰብ ካያችሁ፣ ምንጩን አገኛችሁት ማለት ነው።

ከመልሱ ጋር ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አቅራቢ ሁሉ ለማገገም የሚፈጅበትን ቀን አሳንሶ ነው የሚናገረው፤ ሁለት ሳምንት ካለ ወር ብላችሁ አስሉ። ዝርዝሩም ያረጃል፤ ሞዴል ሲቀየር ወይም ላኪው አቅራቢ ሲለውጥ ይታደስ፣ የሚያድሰውም ሰው በስም ይታወቅ። እጥረት ሲሰማ ደግሞ «አንዱ እንኳ ይመጣል» ብሎ ለሁለት ላኪ እጥፍ ማዘዝ በ2021 ብዙዎች የሠሩት ስሕተት ነው፤ ሁሉም እጥፍ ሲያዝ አምራቹ እውነተኛውን ፍላጎት ማየት ያቅተዋል፣ እጥረቱም ይረዝማል።

ከሁሉ በላይ አጥብቄ የማስጠነቅቀው ግን ይህን ነው፦ መስመር ሲቆም ከገበያ የሚመሳሰል ማገናኛ ገዝቶ፣ ወይም ሽቦውን ቆርጦ ቀጥሎ መኪናውን ማውጣት ያጓጓል። በኤሌክትሪክ መኪና ላይ የከፍተኛ ቮልት መስመር፣ በማንኛውም መኪና ላይ ደግሞ ፍሬንና ኤርባግ በዚህ መንገድ አይነኩም። መኪናው ጎድሎ በግቢ ውስጥ ይቁም። መኪናውን የሚገዛው ሰው ልጆቹን የሚጭንበት ነው።

ሁለተኛ አቅራቢ ስለመያዝ ብዙ አልልም። በእናንተ መጠን የሞልድ ወጪውን የሚሸከም ድርጅት ማግኘት ከባድ ነው፤ ብዙ ጊዜም የባለ ብራንዱ ውል ራሱ አይፈቅድም። መቀመጫ፣ ምንጣፍ፣ የጭነት ሳጥን የመሳሰሉትን አገር ውስጥ ማሠራት ግን ይቻላል፤ ባለ ብራንዱን አስፈቅዶ መሞከር ይገባል።

ኢንሹራንሱን በተመለከተ፣ የተለመደው የባሕር ጭነት ፖሊሲ የሚሸፍነው ዕቃው ሲጠፋና ሲጎዳ ነው፤ በመዘግየቱ የቀረባችሁን ትርፍ አይሸፍንም። ሥራ በመቆሙ ለሚመጣ ኪሳራ የሚገባ ፖሊሲም አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ጉዳቱ በራሳችሁ ግቢ ሲደርስ ነው። የአቅራቢ ፋብሪካ ሲቃጠል ወይም ሲጥለቀለቅ የሚከፍል ተጨማሪ ሽፋን በዓለም ገበያ አለ፤ መድን ድርጅታችሁ ከውጭ የጠለፋ መድን ሰጪዎቹ (እሱን ራሱን ከሚያድኑት ድርጅቶች) ጋር ተነጋግሮ ያመጣላችሁ እንደሆነ ጠይቁ። ሲጠይቁ ግን ዝርዝሩን ይዘው ይሂዱ፤ ይህ ሽፋን ብዙ ጊዜ ካሣ የሚከፍለው በፖሊሲው ላይ ለተጻፈው አቅራቢና ቦታ ነው። ላኪውን ብቻ አስጽፋችሁ የተቃጠለው ማገናኛዋን የሚሠራው ፋብሪካ ከሆነ፣ የካሣ ጥያቄያችሁ ውድቅ ሊሆን ይችላል።